በጣት የበላሁት ማር

ማር የምወደው በጣት ሲበላ ነው። በማንኪያ ሲያቀርቡልኝ የሆነ ነገር ይጎድለዋል። ባለቤቴ በዚህ ጠባዬ ሁልጊዜ ይስቅብኛል፤ እኔ ግን ምክንያቱን አውቀው ነበር። ቢያንስ እስካለፈው ሳምንት ድረስ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ነበር። አባቴ ወታደር ስለነበረ ቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ከጎረቤታችን ከእማማ ዘሃራ የሚለየን አንድ የድንጋይ አጥር ብቻ ነበር። እሳቸው ቤት ስገባ ጫማዬን አውልቄ፣ ቀይ ቀለም የተቀባው መደብ ላይ ወጥቼ ከስፌታቸው አጠገብ ቁጭ እላለሁ። ውሃ የነካው የስፌት ሣር ሽታ ዛሬም ድረስ አፍንጫዬ ላይ አለ። ቀዩንና አረንጓዴውን አለላ እየለየሁ ሳቀብላቸው እውላለሁ፤ ምሳዬንም እዚያው በልቼ እዚያው እተኛለሁ። የሰፈሩ ልጆች ደጅ ላይ ሲራወጡ እኔ ከእነሱ ጋር አልነበርኩም። ለምን እንዳልነበርኩ ጠይቄ አላውቅም፤ እማማ ዘሃራ ስለሚወዱኝ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ሁሉ አብልጬ የማስታውሰው ግን የጡት ልጃቸው የሆንኩበትን ቀን ነው። እማዬ ጸጉሬን ሹሩባ ሠርታ፣ ለጥምቀት የተገዛልኝን ቀሚስ አልብሳ ወሰደችኝ። እማማ ዘሃራ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነከሩና «ቢስሚላህ፤ ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነሽ» ብለው አፌ ላይ አደረጉልኝ። እንደ ጡት ጠባሁት። ማሩ አገጬ ላይ ሲንጠባጠብ ዞር ብዬ ባይ፣ እማዬ በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ደስ ብሏት ነው አልኩ። ሁለት እናት አለኝ እያልኩ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ስኩራራ ከረምኩ።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ፤ የምኖረውም እዚያው ከተማ፣ አቦከር ሰፈር ነው። ልጄ ናታን ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብቷል፣ መግባት ከተባለ። የካልሲው ስፌት ጣቱን ከነካው ቤቱን በጩኸት ይገለብጠዋል። ክፍል ውስጥ ወንበር ይወረውራል፤ በቀደም ደግሞ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ ክንድ ነክሶ አደማው። ቆጣሁት፣ ለመንኩት፣ ጠበል አስጠመቅኩት። ጠበሉን ወደደው፤ ቤት ስንመለስ ግን ያው ናታን ነው። በመጨረሻ ርእሰ መምህሩ አስጠርቶ፣ ባለሙያ ካላየው ክፍል ሊያስገቡት እንደማይችሉ በትህትና ነገረኝ። ልጄ ከትምህርት ሊቀርብኝ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። እንዲህ ያለ ጠባይ ከየት አመጣው እያልኩ የባለቤቴን ዘመዶች ሁሉ ጠረጠርኩ።

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ስንሄድ እማዬ ብቻሽን አትሄጂም ብላ ተከተለችን። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ታናሽ እህቴን የምታህል ወጣት ናት። ናታን ወለሉ ላይ የፕላስቲክ መኪኖች ሲደረድር፣ እሷ ስለ እርግዝናው፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ከቤተሰቡ በልጅነቱ እንዲህ የነበረ ሰው አለ ወይ አለች። ማንም የለም አልኳት።

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እሷ ራሷ ናት» አለች፣ እኔን ሳታይ። «ከዚህም ትብስ ነበር። አቅቶኝ ነው ለጎረቤት የሰጠኋት።»

ግራ ገባኝ። የምታወራው ስለ ሌላ ልጅ መሰለኝ። እናከስ እንደነበረ፣ ጭንቅላቴን ከግድግዳ ጋር አጋጭ እንደነበረ፣ የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን ከእኔ ይሰበስቡ እንደነበረ ተናገረች። አንድ ቀን በንዴት ማማሰያ አንስታ እጇ ስላስፈራት፣ የዚያኑ ዕለት እማማ ዘሃራ እግር ላይ ወድቃ የጡት ልጅ አድርጉልኝ ብላ ለመነቻቸው። ያ ሁሉ ሹሩባ፣ ያ ሁሉ ቀሚስ ለካ መሸኛዬ ኖሯል። ልቆጣ ወይስ ላመስግን አላውቅም። ባለሙያዋ ናታን በየሳምንቱ እንዲመጣ፣ እኔም አብሬው እንድማር ነገረችን፤ ወደ ክፍሉ የሚመለስበትንም መንገድ ከትምህርት ቤቱ ጋር እንደምትነጋገር ቃል ገባችልን። እኔ ግን ግማሹን እንኳ አልሰማሁም። ኮሪደሩ ላይ እማዬን ያዝኳትና እማማ ዘሃራ ምን አድርገው አሻሻሉኝ አልኳት።

«እሱን ባውቅ ኖሮ እሰጥሽ ነበር?» አለችኝ።

እማማ ዘሃራን እንዳልጠይቃቸው ካረፉ ቆይተዋል። ማሩ ይሁን፣ ቀዩ መደብ ይሁን፣ ወይስ ዝም ብዬ አድጌ ይሁን፣ የሚነግረኝ የለም። ያኔ እናቴ ሲያቅታት አጥር ተሻግራ የምትሰጠኝ ቤት ነበራት። እኔ ዛሬ የጎረቤቴን የብረት በር አንኳኩቼ አላውቅም፤ ግን ከልጄ ጋር አብሬ የምገባበት ክፍል አግኝቻለሁ። የቱ እንደሚሻል እንጃ።

ስንወጣ ለናታን ጣፋጭ ሀልዋ ገዛሁለት። ባጃጅ ውስጥ መሀላችን ተቀምጦ ጣቶቹን እየላሰ፣ መኪኖቹ ያሉበት ቤት ደስ እንደሚል፣ ነገም እንድንሄድ ጠየቀኝ። እንባዬ መጣ። እንዳያየኝ ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ። ካየኝም ደስ ብሏት ነው ይበል።