ያልመጣው ካርቡራቶር

አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ የወፍጮ ሞተር ሲጠግኑ ኖረው፣ በስተእርጅና ታናሽ እህቴ በጀመረችላቸው ፕሮሰስ አሜሪካ መጡ። ያረፉት አሌክሳንድሪያ፣ እሷው ቤት ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርኩ ታክሲ እነዳ ነበር። ስልክ መንገድ መምራት ያልጀመረበት ጊዜ ስለነበር ከተማውን በቃሌ ነው የማውቀው፤ በዚህም ጉራዬ አይጣል ነበር። እሁድ እሁድ ቤልትዌይ የሚሉትን የቀለበት መንገድ ዞሬ፣ የወንዙን ድልድይ ተሻግሬ አባቴ ዘንድ እሄዳለሁ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ እያጉረመረምኩ ነው የምሄደው።

አባቴን እዚህ አገር የቸገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጁምዓ መድረስ። መስጊዱ በመኪና አሥር ደቂቃ ነው፤ በእግር ግን ጉልበታቸው አይችለውም። አውቶቡስ ሞክረው ጠፉና ወደ ቤት የመለሳቸው ፖሊስ ነው። መንጃ ፈቃድ እናውጣልዎት ስንላቸው «በዚህ ዕድሜዬ ፈተና አልቀመጥም» አሉ። እህቴም ባሏም አርብ ሥራ ናቸው፤ እኔ ደግሞ አርብ ኤርፖርቱ ሥራ የሚበዛበት ቀን ነው እያልኩ አልሄድም። ስለዚህ አባቴ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን አድርገው በሩ ላይ ይቆማሉ። የሚወስዳቸው ሰው ከተገኘ ይሄዳሉ፤ ካልተገኘ ተመልሰው ይገቡና ዙህርን ብቻቸውን ይሰግዳሉ።

አንድ እሁድ «ሰው መጠበቅ ሰለቸኝ» አሉኝ። ደግመው አላነሱትም።

ጥቂት ቆይቶ ጎረቤታቸው የሆኑ አሜሪካዊ ሽማግሌ ጋራዣቸውን ሲያጸዱ አንድ አሮጌ፣ ትንሽ የውሃ መሳቢያ ሞተር አውጥተው አጥሩ ሥር ጣሉ። አባቴ አዩት። ሁለቱ አንድም የሚግባቡበት ቃል ባይኖራቸውም በእጅ ምልክት ተስማሙ። በሳምንቱ ስመጣ ሞተሩ እህቴ ጋራዥ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ተበታትኖ፣ ብሎኑ ለብቻ ዳዶው ለብቻ ተደርድሮ አገኘሁት።

«ምን ሊሆን ነው አባባ?» አልኳቸው።

«ሳይክል» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

በልጅነታቸው የሠሩበት ወፍጮ ቤት ባለቤት ሞተር የተገጠመላት ሳይክል ነበረችው። መሪዋ ወደ ኋላ የተቆለመመ፣ ኮርቻዋ ቆዳ፣ ሞተሯ ከነጂው ጉልበቶች መሃል የተቀመጠ። ድምፅዋ ሲሰማ የወፍጮ ቤቱ ሠራተኛ ሁሉ ተነስቶ ይቆም ነበር አሉኝ። ልክ እንደሷ አድርገው ሊሠሩና በውስጥ ለውስጡ መንገድ፣ ቀስ ብለው፣ ማንንም ሳይጠብቁ ጁምዓ ሊሄዱባት ነው።

ሰው የጣለው ወፍራም የብረት ሳይክል ፈልጌ አመጣሁላቸው። የቸርኬውን ራጂዎች፣ ቀጫጭን ሽቦዎቹን፣ አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ፣ በድምፃቸው እየለዩ አጠበቋቸው። ኮርቻውን በአሮጌ የቆዳ ጃኬቴ አለበሱት፤ ሳያስፈቅዱኝ ነው የቀደዱት። ጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎውን ከላሜራ ቆርጠው ሠሩና ሁሉንም ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ቀቡት። የእኔ ሥራ መብራት መያዝና ቁልፍ ማቀበል ነበር። ልጆች ያደረስኩትን ሰውዬ «እጅህን አንሳ፣ ታበላሸዋለህ» ይሉኛል። እኔም አኩርፌ እመለስና መብራቱን እይዛለሁ። ከሕይወቴ ሁሉ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ የለም፤ ያን ጊዜ ግን ደስታ መሆኑን አላወቅኩም።

በመጨረሻ የቀረው ካርቡራቶሩ ብቻ ሆነ። አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብለው እሱ ነው፤ የድሮው ተሰንጥቆ ስለነበር ቢጠግኑትም ያፈሳል። አዲስ አዘዝኩ። በሳምንቱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማዬ ድረስ መጣ። ወሩ ኤፕሪል ነበር።

ያን እሁድ ካርቶኑን ይዤ አሌክሳንድሪያ ገባሁ። ዱክ ስትሪት ላይ መንገዱ ተዘግቷል። አንድ ሳይክል ተጣሞ ወድቋል፤ ሰውየውን አምቡላንስ ውስጥ እያስገቡት ነው። አንድ እግር ጫማ አስፋልቱ መሃል ቀርቷል። የሽማግሌ ጫማ ነው። እህቴ ቤት ስደርስ አባቴ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡ።

«መጣ?» አሉኝ።

«አልመጣም» አልኳቸው። ካርቶኑ መኪናዬ ኋላ፣ ከትርፍ ጎማው ጎን ነበር።

ይቆጡኛል፣ ይጠረጥሩኛል ብዬ ነበር። አባቴ ግን ምንም አልመሰላቸውም። የእሳቸው ዕድሜ መለዋወጫ በመጠበቅ ያለፈ ነው። አንድ ጊዜ የወፍጮው ሞተር ፓምፑ ተበላሽቶ አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አንድ ክረምት ሙሉ ቆሟል። ሴቶቹ እህላቸውን ተሸክመው ጠዋት ጠዋት እየመጡ ይጠይቋቸዋል፤ እሳቸውም ነገ ይሏቸዋል። ይህን የነገሩኝ ሦስተኛውን እሁድ «አሁንም አልመጣም» ስላቸው ነው።

«እኔን ሴቶቹ ይረግሙኝ ነበር» አሉ እየሳቁ። «እኔ አንተን አልረግምህም። ዕቃ ነው፣ ይመጣል። አብሽር።»

አጽናኑኝ። ውሸታሙን እኔን። ሌላ አባት ቢሆን አሜሪካ ውስጥ ዕቃ ይህን ያህል አይዘገይም ብሎ ያፋጥጠኝ ነበር። እኔ ግን የወፍጮ ጠጋኝ ልጅ ስለሆንኩ፣ ትዕግሥታቸውን አውቄ ተጫወትኩበት። በጋው እንዲህ አለፈ። አንድ ቀን እህቴ «ቁጥሩን ስጠኝ፣ ሱቁን እኔ ኮል ላድርግላቸው» አለችኝ። «እኔ መደወል ያቅተኛል?» ብዬ ጮህኩባት። አባቴ መሃል ገብተው «ተዪው፣ የሚችለውን እያደረገ ነው» አሏት።

የፈራሁት መኪና እንዳይገጫቸው ነው። ይህን ለራሴ ስነግረው ቆይቻለሁ፤ እውነትም ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ ሳይክሏ ካለቀች አባቴ እኔን አይጠብቁኝም። እያጉረመረምኩ የምሄድባቸው እሁዶች እንዲቀሩ አልፈለግኩም። ደግሞ አርብ እየሄድኩ ልወስዳቸው እችል ነበር። አንድ ቀን ኤርፖርት ባልቆም ምንም አልሆንም ነበር። አላደረግኩትም።

በመከር የአባቴ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ልብ ነው ተባለ። ሆስፒታል ገቡ፣ ወጡ፣ ደግመው ገቡ። ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገሩኝ ቀን አልጋው ተደግፎ ቀና ብለው ነበር።

«ዕቃውስ?» አሉኝ።

«ሰኞ ይደርሳል ብለውኛል።»

«አላልኩህም?» አሉ። ፊታቸው በራ። «ስትገጥመው፣ እንደ ወረቀት የሳሳችዋን ጓርኒሲዮን እንዳትረሳ። እሷ ከሌለች አየር ያስገባል። ብዙ የቆመ ሞተር ደግሞ ማስነሻ ገመዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሳብ አይነሳም። ሰባት ስምንቴ ሳበው። እጅህ ይዝላል፣ ተስፋ እንዳትቆርጥ።»

መኪናዬ ሆስፒታሉ ሥር ቆሟል። ወርጄ ካርቶኑን ማምጣት የአምስት ደቂቃ ነገር ነበር። ግን እንግሊዝኛ ባያነቡም ቁጥር ያነባሉ፤ ካርቶኑ ላይ የተላከበት ቀን ተጽፏል። ካርቶኑን ቀድጄ ዕቃውን ብቻ ባመጣላቸው ምን ነበረበት? ፈሪ ነበርኩ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። ሰኞ ሳይደርስ አረፉ፤ በማግሥቱ ቀበርናቸው።

በጸደይ እህቴ ደወለችልኝ። ጋራዡን ልታስተካክል ስለሆነ ሳይክሏን ምን እንደምናደርጋት ጠየቀችኝ። «እሁድ እመጣለሁ» አልኳት።

ካርቶኑን የከፈትኩት እዚያ ጋራዥ ውስጥ ነው። አባቴ የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስተው በእንጨት ደግፈውት ነበር፤ እንደተዉት ነው። ጓርኒሲዮኗን አስገባሁ። ብሎኖቹን እሳቸው እንደሚያደርጉት በየተራ፣ ትንሽ በትንሽ አጠበቅኩ። አዲስ ቤንዚን ጨመርኩ። ከዚያ ገመዱን ይዤ ቆምኩ፤ እንዳይነሳ ለመንኩ። ያ ሞተር ባይነሳ ሳይክሏ ድሮም አትሠራም ነበር ማለት ነው፤ እኔም የደበቅኩት የማይረባ ብረት ይሆንልኝ ነበር። ሰባት ስምንቴ ሳበው ብለውኛል። ስምንቴ ስቤ ልተወው ለራሴ ቃል ገባሁ።

ገመዱን ሳብኩት። በመጀመሪያው ተነሳ።

ምንም ሳያነቅፈው፣ ሳይንተፋተፍ፣ በአንድ ወጥ ድምፅ። የኋላው ጎማ አየር ላይ ይዞራል። እህቴ ሻርፗን በእጇ እንደያዘች ሮጣ ወጣች። አፏን ሸፍና እያለቀሰች ሳይክሏን አየቻት፤ ትንሽ ሳቀችም። ከዚያ መሬት ላይ የተቀመጠውን ካርቶን አየች።

«መቼ መጣ?» አለችኝ።

መዋሸት ይቻል ነበር። ለምጄዋለሁ።

«አምና ኤፕሪል» አልኳት።

 ካርቶኑን አንስታ ቀኑን አነበበችና መልሳ አስቀመጠችው።

«አንተ አታያቸውም ነበር» አለች። «አርብ አርብ ሥራ ስሄድ በመኪናው መስታወት የማያቸው እኔ ነኝ። እዚህ በር ላይ ቆመው ትቻቸው ነው የምሄደው።»

ገብታ በሩን ዘጋችው። እኔ እዚያው ቀረሁ። ሞተሩን ማጥፋት እንዳለብኝ ትዝ ያለኝ ብዙ ቆይቶ ነው።