የአባቴ ሐረግና የጠዋት ፀሐይ

«አንቺ የተቀጠርሽው ውሃ ልታጠጪ ነው። ያልተጠየቅሽውን አትቀባጥሪ።»

ይህን ያለኝ ደብረ ብርሃን ዳር ያለው የዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ማዕከል ኃላፊ ነው። ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ከበውታል፣ እኔ የውሃ ጎማ ይዣለሁ። ተማሪዎቹ ሳቁ። አንዷ አስራ ሁለተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተቀመጠች ናት፤ እሷ አለፈች፣ እኔ ወደቅኩ። የሷ ሳቅ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ያልተጠየቅሁት ነገር የአባቴ ስም ነበር።

አባቴ አንኮበር ቁልቁለቱ ላይ ያለ ደብር የሚያገለግል መሪጌታ ነበር። ጓሮው ሁሉ መድኃኒት ነው። ከሁሉም የሚሳሳላት አንዲት ሐረግ ነበረች፤ ከመምህሩ የተቀበላት፣ መምህሩም ከመምህራቸው። የመድኃኒት ስም ጮክ ብሎ ከተጠራ ጉልበቱ ይሄዳል ስለሚሉ፣ እኛ ቤት «ያቺ» ነው የምትባለው። ለሰው ሰጥቶ አያውቅም። ኃላፊው ግን ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ጫማውን እያወለቀ ገባ፣ «የኔታ፣ ስምዎን ሰሌዳ ላይ ጽፈን እናቆማለን፤ የልጅ ልጅ ያነበዋል» አለ። አባቴ ተረታ። ችግኟን በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ፣ መኪና ላይ ታቅፌ ደብረ ብርሃን ያደረስኳት እኔ ነኝ። የቀን ሥራውንም ያገኘሁት በዚያው ነው።

ሰሌዳው ቆመ። የፈረንጅ ስሟ አለ፣ «ሰብሳቢ» ከሚለው ጎን ደግሞ የኃላፊው ስም። የአባቴ የለም። ያን ቀን ኃላፊው ለተማሪዎቹ ከገደል ፈልጎ እንዳገኛት ሲተርክ ነው አላስችል ብሎኝ «የሰጠዎት አባቴ ነው» ያልኩት። መልሱን ነገርኳችሁ። በማግስቱ ካቦው እንዳትመጪ አለኝ።

ቤት በሄድኩ ቁጥር አባቴ ጻፉት ወይ ይለኛል። ጽፈውታል እላለሁ። ፊደሉ ትልቅ ነው? ከሩቅ ይነበባል። ግንቦት ላይ ያረፈው ውሸቴን አምኖ ነው። ክረምት ደግሞ ናዳ ወርዶ የጓሮውን ግማሽ ሲወስድ እናቲቱን ሐረግ ይዟት ሄደ። በምድር ላይ የቀረችው የኃላፊው ብቻ ሆነች። ይህን ከኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ሌላም የማውቀው ነገር ነበር። አባቴ ችግኟን ሲሰጠኝ፣ «ውርጩን ትችለዋለች፤ የማትችለው በውርጩ ላይ የሚያርፍባትን ፀሐይ ነው። በምሥራቅ በኩል ጋርዱላት፤ አመዳዩ ቀስ ብሎ ይቅለጥ» ብሎኛል። እዚያ በሠራሁበት በጋ ጠዋት ጠዋት ከሰው ቀድሜ እገባና የጓሳ ሣር ምንጣፍ አቆምላታለሁ፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን አነሳዋለሁ። ምንድነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ሲያባርሩኝ ምንጣፌን ይዤ ሄድኩ።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ አብራኝ ትሠራ የነበረች፣ ከወለጋ ተፈናቅላ ካምፕ የምትኖር ሴት ገበያ አገኘችኝ። ኃላፊው ለሐረጓ ብርድ ልብስ እንዳስገዛላት ነገረችኝ፤ ሲመሽ ያለብሷታል፣ ፀሐይ ብቅ ስትል ትሙቅ ብለው ይገልጧታል። ሳቄ መጣ።

«ምን ያስቅሻል እቱ?» አለችኝ።

አልነገርኳትም። ደግ ናት፤ ሄዳ ትነግራቸዋለች። የመጨረሻዋ መሆኗን እያወቅኩ ዝም አልኩ። አባቴ ያለ ስም ከቀረ ሰሌዳው ያለ ሐረግ ይቅር ብዬ ነው።

ታኅሣሥ ላይ የሐዘን ጥቁሬን እንደለበስኩ እንደ ማንኛውም ጎብኚ በበሩ ገባሁ። ባሕር ዛፉን አልፌ ቀጥታ ወደሷ። የፈላ ውሃ የተደፋበት ጎመን መስላለች፤ ጥቁር፣ ልፍስፍስ። ሰሌዳው ግን ያበራል። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ቁጭ ብዬ ከአፈሩ ጋር የተያያዘውን ግንዷን በጥፍሬ ፋቅ አደረግኩት። ውስጡ አረንጓዴ ነው። ቶሎ አፈር መለስኩበት።

ከኋላዬ ኃላፊው መጣ። ከስቷል። «እህቴ» አለኝ፤ እህቱ ሆንኩ። በሳምንቱ ትልልቅ እንግዶች ሊያዩዋት እንደሚመጡ፣ ከኛ ጓሮ ሌላ ችግኝ ቢያገኝ ወጪውን እንደሚችል ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«የየኔታንም ስም እናስጽፋለን። በትልቁ» አለ።

ይህን አልጠበቅኩም። አባቴ ስለ ፊደሉ ሲጠይቀኝ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ትዝ አለኝ።

«ጓሮው በናዳ ሄዷል» አልኩት።

«ይቺስ? ጨርሳ ሞታለች?»

«እኔ ውሃ አጠጪ ነኝ። ምን አውቄ?»

የአባቴ ማስታወሻ ናትና ግንዷን ልውሰዳት ወይ አልኩት። ከደረቀች ምን ታደርግልኛለች ብሎ ውሰጃት እንደማለት እጁን አወናጨፈ፤ ያቺን የወለጋዋን ሴት ዶማ ይዘሽ ነይ ብሎ ጠራት። ከነአፈሩ በደንብ ቆፍሪልኝ አልኳት። እሷ ግንዱንም እኔንም አየት አድርጋ ዙሪያውን አርቃ ቆፈረችልኝ።

«ስሙስ?» አለ ኃላፊው፣ ሰሌዳውን እያሳየኝ።

«የርስዎ ይበቃዋል።»

በነጠላዬ ጠቀለልኳት። በሩ ላይ ዘበኛው ምን እንደያዝኩ ሲጠይቀኝ ገልጬ አሳየሁት፤ ደረቅ ሥር ነው፣ እለፊ አለኝ። ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ ወረድኩ። ወደ አንኮበር የሚሄደው የጎረቤላው መኪና አንድ ሰው ጎድሎት ቆሞ ነበር። በምሥራቅ በኩል ካለው መስኮት ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ሐረጓን ጭኔ ላይ አደረግኳት፤ መኪናው ተነሳ።