«ዋጋ አንድ ነው» የሚለውን ማንበብ ከቻልኩ ወዲህ

ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው። ጎልማሶች በሚማሩበት ክፍል፣ ልጄ ሊሆን በሚችል አስተማሪ ፊት አቀርቅሬ ተማርኩ። ሰው ሁሉ ጠቀመህ ይለኛል። መጀመሪያ ግን አከሰረኝ።

ድሮ ቆቦ ከተማ ዕቃ የምገዛው እንደ በሬ ነበር። በሬ ስትገዛ ታንቋሽሻለህ፤ ጥርሱ አልቋል፣ ወገቡ ልምሾ ነው፣ ይኼን ለማን ልትሸጥ ነው ትላለህ። ባለቤቱም አይተውህም፣ መሀል ላይ ትገናኛላችሁ። ሱቅ ገብቼም ያንኑ አደርግ ነበር። ማንበብ ስጀምር ግድግዳ ላይ «ዋጋ አንድ ነው» የሚል ጽሑፍ አየሁና አፌ ተዘጋ። የተጻፈ ነገር እኮ ነው! ማኅተም ያረፈበት ያህል ፈራሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠሩልኝን እየከፈልኩ፣ ደጅ ወጥቼ ነጋዴን ስረግም ኖርኩ።

ባለፈው በጋ የውሃ ሞተራችን ቆመ። ማሳችን ከቆቦ ወደ ሮቢት መውጫ ላይ ነው፤ የቆላው ፀሐይ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ሽንኩርቱ ጫፉ ቢጫ ሆኖ መተኛት ጀመረ። እሱ ከሞተ የዓመቱ ኑሯችን አብሮት ይሞታል። ከሚስቴ ጋር ሞተሩን በጎረቤት ጋሪ ጭነን መለዋወጫ ሱቅ ሄድን። ባለሱቁ ፈታትቶ አየና ካርቦራተሩ ካልተቀየረ አይሠራም አለ። ዋጋውን ሲነግረን ሚስቴን አየኋት። ያንን ከከፈልን ለቤንዚን የሚተርፈን የለም። ሞተር ያለ ቤንዚን ድንጋይ ነው።

«በቃ፣ ክፈዪው» አልኳት የግድግዳውን ጽሑፍ እያሳየኋት። «ተጽፏል።»

እሷ ማንበብ አትችልም። ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «ወንድሜ፣ ዕቃህ ጥሩ ነው፣ ዋጋውም አይከፋም። ሽንኩርታችን ሊሞትብን ሆነ እንጂ። ይኼን ከፍለን ለቤንዚን አይተርፈንም። እንደው ትንሽ አስተያየት ብታደርግልን?» አለችው።

ጉድ! የሰውን ዕቃ አመስግኖ ዋጋ ማስቀነስ የት አገር ነው ያለው?

ባለሱቁ ግን «ለእርስዎማ እቀንሳለሁ፣ እናቴ» አለ። «የመግጠሚያውንም አላስከፍልም።»

ይኼኔ የተቆጣሁት እኔ ነኝ። «ምን ማለት ነው? ዋጋ አንድ ነው ብለህ ጽፈህ የለም እንዴ?»

ሚስቴ በክርኗ ጎኔን ደቃችኝ።

ባለሱቁ ሳቀ። «ጋሼ፣ እሱን የሰቀልኩት እንደ እርስዎ ላለው ነው። አንድ ጊዜ እዚህ ቆመው ቱቦዬን የአህያ አንጀት ብለውኛል። እየተሰደበ የሚቀንስ ማን አለ? በደንብ ለጠየቀኝ ሰው መቼ እምቢ ብዬ አውቃለሁ!»

አስታወስኩት። ብያለሁ። ቱቦውም የአህያ አንጀት ነበር።

ካርቦራተሩ ተገጠመ፣ በተረፈን ገንዘብ ቤንዚን ገዛን። ጋሪው ሄዶ ስለነበር ባጃጅ ጠራን። ባለባጃጁ ለሞተሩ ለብቻው ክፈሉ አለ። ሚስቴ ሳቋን አፍና፣ «እስቲ አንተ ጠይቀው» አለችኝ።

ወደ ባለባጃጁ ጠጋ አልኩ። «ወንድሜ… ባጃጅህ… ጥሩ ናት። ያለንን ለቤንዚን ጨረስነው። አስተያየት ብታደርግልን…»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። አፌን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። «አባባ፣ አሞዎታል እንዴ?»

«ደህና ነኝ!» ብዬ ልጮህበት ስል ሚስቴ እጄን ያዘችኝ።

«ይግቡ፣ ይግቡ፣ የሰው ብቻ ይክፈሉ። እኔ ላይ እንዳይሞቱብኝ» አለ።

ማሳው ላይ ሞተሩ በሁለተኛው የገመድ ጉተታ ተነሳ። ውሃው ቦዩን ሞልቶ ሲወርድ ሚስቴ ጫማዋን አውልቃ ገባች። እኔ ዶማ ይዤ፣ የሁለቱን ዓመት ነጋዴ ሁሉ በየተራ እየረገምኩ ተከተልኳት።

«ከምትራገም ውሃውን ወደዚህ መልስልኝ!» አለች።

«በደንብ ጠይቂኝ» አልኳት።

አንድ እፍኝ ጭቃ ወረወረችብኝ። ውሃውን መለስኩላት።