ከሙዚቃ ታሪክ ፈተና በፊት የተነገረ መርዶ

ሥራ የጀመርኩ ቀን እትዬ ራህማ አልጋ ማንጠፍ አላሳዩኝም። የበሩን መቃን አናት በጣታቸው ጠርገው አቧራውን አፍንጫዬ ሥር አመጡት።

«እንግዳው አልጋውን ያያል» አሉኝ። «እኔ ግን የማየው ሁሉንም ነው። ገባህ ኡመር?»

«ገብቶኛል እትዬ።»

አልገባኝም ነበር።

እትዬ ራህማ የደሴ ሰው ናቸው፤ ላስ ቬጋስ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሆቴል የአሥራ አራተኛ ፎቅ ኢንስፔክተር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የመጣሁ ሃውስማን ነበርኩ። ካርት እገፋለሁ፣ የቆሸሸ አንሶላ እሰበስባለሁ፣ ፎጣ አድላለሁ። በዓመቱ ክፍል ማጽዳት ጀመርኩ።

የክፍል ሥራ ሥርዓት አለው። ከበሩ በግራ ተነስቶ፣ ግድግዳውን ይዞ ዞሮ፣ በሩ ላይ መጨረስ ነው። የማይለቅ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ምንጣፍ ላይ የሲጋራ ጠባሳ፣ የክፍሉ ወረቀት ላይ ሪማርክ የሚባል ማስታወሻ ይጻፋል። አንድ ቀን ጠባሳ አይቼ ወንበር ጎተትኩበት። እትዬ መጥተው ወንበሩን አነሱት።

«የደበቅከው ያንተ ነው። የጻፍከው የክፍሉ ነው» አሉኝ። ክፍሉን አላሳለፉልኝም።

በሦስተኛው ዓመት ታላቅ ወንድማችን ሰይድ ሞተ። ኮምቦልቻ ነበር። ዲቪው ለአባታችን ሲደርስ የሰይድ ዕድሜ ከሃያ አንድ ስላለፈ ከእኛ የቀረው እሱ ብቻ ነው። የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ስለ አደጋው ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ስልኩ የመጣው ማክሰኞ ነው። እህቴ ዘሃራ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምህንድስና ትማራለች፤ ሳምንቱ የፈተና ነበር። እኛ ዘንድ መርዶ በድንገት አይነገርም። ጊዜ ተመርጦ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። አባባ ጠሩኝና «ዋናው ፈተናዋ የቱ ነው?» አሉ።

ዘሃራን በዘወርዋራ ጠየቅኳት። ሐሙስ ሃይድሮሊክስ፣ ዓርብ ኮንክሪት፣ ሰኞ የሙዚቃ ታሪክ።

«ሙዚቃ ደግሞ ለመሐንዲስ ምን ያደርጋል?»

«ከሙያ ውጭ መውሰድ ግዴታ ነው። ምነው፣ ልታጠናልኝ ነው?» ብላ ሳቀች።

ወሬው ፌስቡክ ላይ ሳይወጣ መንገር ነበረብን። ለአባባ «ዓርብ ዋናው ያልቃል፤ የሰኞው የሙያዋ አይደለም» አልኳቸው። ያልኩት እኔ ነኝ። አባባ ፊታቸውን መያዝ ስላቃታቸው ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ጓደኛቸው ቤት ሰነበቱ። ጉንፋን እንዳያስይዙሽ ነው አልናት።

እሑድ ጠዋት ዊንቸስተር ያለው አፓርታማችን በር ላይ ሽማግሌዎችና እትዬ ራህማ ቆሙ። ዘሃራ ከፍታ ስታያቸው ገባት። ካለቀሰች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ሐሙስ ጠዋት ሻይ ስትሰጠኝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሰኞ ሄዳ ባዶ ሊባል የሚችል ወረቀት ሰጥታ መጣች። የሙዚቃ ታሪክ ዲ ሆነ።

በዓመቱ በውሃ ምህንድስና ማስተርስ ለመማር አመለከተች። ቅጹ የሁሉንም ኮርስ ውጤት ይጠይቃል።

«ሙዚቃውንም?» አልኳት።

«ሙዚቃውንም። አጠቃላይ ነጥቤን ዝቅ አድርጎታል።»

ያ ወንበር የጎተትኩበት ጠባሳ ትዝ አለኝ።

ለትምህርት ክፍሉ ስትደውል መኪና ውስጥ ስለነበርን ስፒከር ላይ አደረገችው። ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ አጠቃላይ ነጥቡ ዝቅተኛውን መስፈርት ማለፉን እንደሚያዩ ነገራት። የሷ ያልፋል። ቀጥሎ የበለጠ ክብደት የሚሰጡት ለሙያዋ ኮርሶች ነው። ከሙያው ውጭ የሆነ አንድ ዝቅተኛ ውጤት እነሱ ጋ ብቻውን አይጥልም። ግን ያዩታል፤ ምክንያቱንም ማወቅ ይፈልጋሉ። ለማስረዳት ቅጹ ላይ ቦታ አለ።

ስልኩን ዘግታ «አልጽፍም» አለች። «ሰይድን መለመኛ አላደርገውም።»

በማግስቱ ሥራ ላይ ለእትዬ ራህማ የመርዶውን ቀን የመረጥኩት እኔ መሆኔን ጭምር ነገርኳቸው። የትራስ ልብስ እየለወጡ ሰሙኝ።

«ልመና ማለት እዘኑልኝ ማለት ነው። እሷ የሆነውን ብቻ ትጻፍ። ሪማርክ ነው» አሉ። «ደግሞ ወንበሩን የጎተትከው አንተ ነህ። አንተው ጀምረው።»

በምሳ ዕረፍቴ በአማርኛ ጻፍኩት። ብዙ ሰረዝኩ። «ወንድማችን በፈተና ሳምንት ሞተ። ለእህቴ ሳንነግራት ቆየን። የነገርናት ከመጨረሻው ፈተና አንድ ቀን በፊት ነው። የሙያዋ ስላልሆነ አይጎዳትም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ዘሃራ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«የመረጥከው አንተ ነህ? አባባ መስለውኝ ነበር።»

«እኔ ነኝ።»

«ጅል» አለችኝ። ከዚያ ላፕቶፑን ከፍታ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አወጣቻት።

«እሷ ለምን ወጣች?»

«ስላንተ ማን ጠየቃቸው?» አለች፤ ሳቀች።

መጋቢት ላይ ስትደውል መታጠቢያ ቤት እየፈተግኩ ነበር። ፎቅ ላይ ስልክ ማንሳት ክልክል ነው። የአንሶላ መጋዘን ገብቼ አነሳሁ።

«ተቀበሉኝ!»

«እነማን?»

«እነማን ይሆናሉ፣ ሙዚቀኞቹ?»

የፎጣ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ለሰይድ ደህና አድርጌ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው። ትከሻዬ ቀለለኝ። እትዬ ራህማ በሩን ከፍተው አዩኝ።

«ተቀበሏት?»

«አዎ እትዬ።»

«አልሐምዱሊላህ። በል ከፎጣው ላይ ተነስ፣ እንደገና ሊታጠብ ነው አሁን።»

ዛሬ እኔም ኢንስፔክተር ነኝ። ለአዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የማሳየው የበሩን መቃን ነው። ዋና ያልሆነው ጥግም ይታያል። የማይለቅ ጠባሳ ካለ ይጻፋል። መርዶ ደግሞ የመጨረሻው ፈተና እስኪያልቅ ይቆያል፤ የሙዚቃም ቢሆን።