የጾም እንቁላል አይታቀፍም

ሥራ የጀመርኩት ፍኖተ ሰላም፣ ከከተማው ዳር ካለው የእርሻ ጣቢያ ነው። ዘመኑ የንጉሡ ነበር። ኮርማ ጠባቂ ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ ከማንኩሳ በእግሬ መጣሁ። አዲስ ቁምጣ ለብሻለሁ፣ ጥሩ በትር ይዣለሁ። ኮርማ ሊይዝ የተዘጋጀ ሰው ነኝ።

የጣቢያው ኃላፊ አቶ ግርማ ይባላሉ። ከሸዋ የመጡ፣ የተማሩ፣ ቀጭን ሰው ናቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ኮርማው ሰው አግኝቷል። አንተ ዶሮ ቤት ትገባለህ» አሉኝ።

«ዶሮ?» አልኩ።

«ዶሮ።»

«ጌታዬ፣ ዶሮ እኮ የሴት ሥራ ነው።»

«ደመወዙ የወንድ ነው» አሉኝ።

በትሬን ከበሩ ላይ አስደግፌ ገባሁ። በትሩን ከዚያ በኋላ ለሸለምጥማጥ ብቻ ነው ያነሣሁት።

በኛ አገር ወንድ ዶሮ ያርዳል እንጂ አያረባም። ጥሬ የምትበትነው፣ የምታስታቅፈው፣ እንቁላሉን ሽጣ ጨው የምትገዛው ሴት ናት። አባቴ ወሬውን ሲሰማ «ልጄ እንቁላል ሊታቀፍ ሄደ» አለና ሃያ አንድ ቀን አላናገረኝም። ቆጥሬዋለሁ። ጫጩት የሚፈለፈልበት ቀን ነው።

ከጠላ ቤቱ በር የማይጠፋ አድማሱ የሚባል የበቅሎ ነጋዴ ነበር። ባለፍኩ ቁጥር «የዶሮ ባል! ሚስትህ ዛሬ ስንት ጣለች?» ይለኛል። ሰዉ ይስቃል። እኔም «ለዓውደ ዓመት ከደጄ ትመጣለህ» እለውና አልፋለሁ።

የማስፈልፈያው ማሽን የእንጨት ሣጥን ነው። በጎኑ የላምባ መብራት ይቀመጣል፤ ሙቀቱ በቆርቆሮ ቧንቧ ወደ ሣጥኑ ይገባል። ከውስጥ እንቁላል የሚደረደርበት ሽቦ አለ፤ ከሽቦው ሥር የውኃ ሳህን። በመስታወት በኩል ተርሞሜትር ይታያል። እኔ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ ንባብ ስጀምር ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ የፈረንጅ ቁጥር አላውቅም። አቶ ግርማ ትክክለኛውን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። እዚያው ላይ ጥቁር ፈትል አሰርኩበት። የተርሞሜትሩ ቀይ ፈሳሽ ከፈትሉ ካለፈ መብራቱን ዝቅ፣ ከፈትሉ ካነሰ ከፍ ማድረግ ነው። ይኸው ነው ትምህርቱ።

እያንዳንዱን እንቁላል በአንድ ጎኑ መስቀል፣ በሌላው ጎኑ ክብ በከሰል እሠራበታለሁ። ጧት መስቀሉ ወደ ላይ ይሆናል፣ ቀትር ላይ ክቡ፣ ማታ ደግሞ መስቀሉ፤ በማግሥቱ ጧት ክቡ። ዶሮም በመንቆሯ የምትሠራው ይኸንኑ ነው። ያልተገለበጠ እንቁላል ጫጩቱ ከቅርፊቱ ይጣበቅና ይሞታል።

ለፋሲካ ዋዜማ አቶ ግርማ እንቁላል እንድገዛ ገበያ ላኩኝ። ገበያው በእንቁላል ነጭ ሆኗል። ትልልቁን፣ ጤፍ ያጸዳውን፣ የሚያብረቀርቀውን መርጬ መቶ ሃያ ገዛሁ። ተሸክሜ ስመለስ ደረቴ ተነፍቶ ነበር። በበዓሉ ማግሥት አስገባሁት።

በሰባተኛው ቀን እንቁላል በብርሃን ይታያል። ቀዳዳ ባለው ካርቶን ላይ አድርገህ ከኋላው መብራት ታበራለህ። ሕይወት ያለው እንቁላል ከውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ቀጫጭን የደም ሥር ያሳያል። የኔዎቹ ገሚሱ እንደ ውኃ ጠርቷል፣ ገሚሱ አስኳሉ ፈስሷል። የደም ሥር ያየሁት በአሥራ አንዱ ብቻ ነው። እነሱም ሳምንት አልቆዩም።

«እሳቱን ችላ ብለሃል» አሉ አቶ ግርማ።

«ፈትሉ ምስክሬ ነው» አልኩ።

«ፈትል አይመሰክርም» አሉና ለበላይ ደብዳቤ ጻፉ።

ከጣቢያው አጥር አጠገብ እመት ውዴ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ይኖሩ ነበር። ዶሮዎቻቸው አጥራችንን እየሾለኩ መኖ ስለሚበሉብን በየቀኑ እንጨቃጨቃለን። ከተበላሸው እንቁላል አንዱን ይዤ እሳቸው ዘንድ ሄድኩ። ልሂድ አልሂድ ስል ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ወንድ ሆኜ ስለ ዶሮ ሴት መጠየቅ ሞት መስሎ ታይቶኝ ነበር።

እንቁላሉን በሳህን ሰበሩና አሸተቱት።

«መቼ ገዛኸው?»

«ለፋሲካ ዋዜማ።»

«መቼ ተጣለ?»

«ይኸን እኔ ምን አውቃለሁ?»

ሳቁ። ምሰሶ ይዘው ሳቁ። «አንተ፣ የማንኩሳ ልጅ አይዶለህም? ሁዳዴ ስንት ቀን ነው?»

«ሃምሳ አምስት።»

«በሁዳዴ እንቁላል የበላ ክርስቲያን አይተሃል?»

«እግዚኦ! የለም።»

«ዶሮዋ ግን አትጾምም። እኛ ስንጾም እሷ ትጥላለች። የጣለችውን ጤፍ ውስጥ ቀብረን ለፋሲካ እናወጣዋለን። ለወጥ ይሆናል። ለማስታቀፍ ግን ሳምንት ካለፈው ድንጋይ ነው። አንተ የሁለት ወር ድንጋይ ገዝተህ እሳት አነደድክለት!»

አቶ ግርማ ከተማ ያደጉ ናቸው፤ ጤፍ ውስጥ መቀበሩን ላያውቁ ይችላሉ። እኔ ግን ጾሙን የጾምኩ የገጠር ልጅ ነኝ። እናቴ እጇን ጤፍ ውስጥ ሰድዳ እንቁላል ስታወጣ እያየሁ ነው ያደግኩት። ወጥ ውስጥ መግባቱን እንጂ ስንት ቀን እንደተቀበረ አልጠየቅኩም። አቶ ግርማ ዘንድ ሄጄ «ጥፋቱ የእሳት አይዶለም፣ የኔ ነው» አልኳቸው። ነገሩንም አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ደብዳቤው ግን ሄዷል።

መልሱ በሰኔ መጣ። ለመስቀል ተቆጣጣሪ ይመጣል፤ በቂ ጫጩት ካላየ ሣጥኑ ወደ ሌላ አገር ይጫናል፣ የዶሮ ሠራተኛውም ይሰናበታል ይላል። የዶሮ ሠራተኛው እኔ ነኝ።

«እስከ ጥቅምት እንዲታገሡን እንለምናቸው። ብርዱ ይለፍ» አሉ አቶ ግርማ።

«አሁን በክረምቱ እናስፈልፍል» አልኩ።

«አብደሃል? ጫጩቱ በብርድ ያልቃል።»

«ቢያልቅም ባያልቅም ሣጥኑ መሄዱ ነው። ሞክሬ ልባረር።»

አሰቡ። «እሺ። የሐዋርያት ጾም ሊፈታ ነው፤ ገበያው በእንቁላል ሞልቷል። ነገ ሂድና ግዛ።»

«ከገበያ አንድ አልገዛም» አልኩ። አሁን ነው የገባኝ፤ እሱም የጾም እንቁላል ነው።

እመት ውዴን ለመንኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ጧት ጧት አብረውኝ ከቤት ቤት ዞሩ። ዝናብ ነው፣ ጭቃው ከቁርጭምጭሚት ያልፋል። እሳቸው ገሳ ደርበው ከፊት፣ እኔ ጭድ የተነጠፈበት ቅርጫት ይዤ ከኋላ። «የዛሬና የትናንቱን ብቻ አምጪ። ጤፍ የነካውን አላየውም» ይላሉ በየደጁ። በጠላ ቤቱ በኩል ስናልፍ አድማሱ ብቅ አለና «ዛሬስ ሚስትህን ከነእናቷ ይዘሃታል!» አለኝ።

እመት ውዴ ዘወር አሉ። «አንተ አድማሱ፣ ባለፈው ዓመት ለልጅህ ክርስትና የበላኸው ዶሮ የማን ነበር?»

«የርስዎ ነው፣ እመት።»

«እንግዲያ ዝም በል።» ወደ ጠላ ቤቱ ተመለሰ።

መቶ ሃያው ሞላ። ሣጥኑን ልዘጋ ስል እመት ውዴ ከመቀነታቸው ሚስማር ፈትተው ሰጡኝ። «ከእንቁላሉ መሐል አስቀምጥ። ነጎድጓድ እንዳያናውጠው።»

አቶ ግርማ ከኋላችን ቆመው ነበር። «ይኸ በመጽሐፍ የለም» አሉ።

«ጤፍ ውስጥ መቀበሩም በመጽሐፍ አልነበረም፣ ጌታዬ» አልኩ። ሚስማሩ ገባ። ይጥቀም አይጥቀም እስከ ዛሬ አላውቅም። ማንንም ግን አልጎዳም።

በሰባተኛው ቀን በብርሃን አየሁ። ከመቶ ሃያው መቶ አራቱ የደም ሥር አሳዩ። አቶ ግርማን ጠርቼ አንዱን አሳየኋቸው። ልቡ ሲመታ ይታያል፤ የሰናፍጭ ፍሬ አያክልም። ትንፋሻቸውን ይዘው አዩና «በርታ» አሉኝ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ላምባው አለቀ። የሚያመጣው የጭነት መኪና ወንዝ ሞልቶበት ማዶ ቆሟል። ከተማውን ዞርኩ፤ ለፋኖስ የምትሆን ጠብታ እንጂ ሌላ የለም። አቶ ግርማ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ራሳቸውን ያዙ።

እኔ እመት ውዴ ዘንድ ሮጥኩ። የኛ ሴቶች እሳት አያጠፉም፤ የኩበት ፍም በአመድ ዳፍነው ያሳድራሉ፣ ጎረቤት የጠፋበትም በገል ይጫራል። በገል ጫርኩና አመጣሁ። ኩበቱን ውጭ አንድጄ ጭሱ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ፍሙን ብቻ በሸክላ ስባሪ አድርጌ በመብራቱ ቦታ አስቀመጥኩት። ቀዩ ከፈትሉ ሲያልፍ አመድ አለብሰዋለሁ። ሲያንስ አመዱን እገልጣለሁ። አንዱ ፍም ሲደክም ሌላው ውጭ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። አራት ቀን እንዲህ ሆነ። እመት ውዴ ኩበት ያቀብሉኛል፤ እኔ ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ። አቶ ግርማም እጅጌያቸውን ሰብስበው አመድ ሲያፍሱ አይቻለሁ። በአምስተኛው ቀን ላምባው በበቅሎ ተጭኖ መጣ። የበቅሎው ጌታ አድማሱ ነበር። ማንም ሳይጠይቀው ነው ወንዙን በላይ በኩል ዞሮ የተሻገረው። ጣሳዎቹን አወረደና «ሚስትህ እንዴት ናት?» አለኝ። ያን ጊዜ እኔም ሳቅሁ።

በሃያ አንደኛው ቀን ጧት ሣጥኑ ውስጥ ጭው ጭው የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሰማንያ ስድስት ጫጩት ወጣ።

ጭንቁ ያን ጊዜ ተጀመረ እንጂ አላለቀም። ነሐሴ ገብቷል፤ በረዶ ይጥላል፣ ጉሙ እስከ ቀትር አይገለጥም። በመጀመሪያው ሳምንት ዘጠኝ ሞቱብኝ። ሁሉም የሞቱት ከአንድ ጥግ፣ ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል ነው። ከዚያ ነው የተማርኩት። ጫጩትን የሚገድለው ብርዱ ብቻ አይደለም፣ እርጥበቱ ነው። ጣሪያውን ደፈንኩ። ወለሉን አመድ ነሰነስኩበት፣ በላዩ ደረቅ ጭድ። ጭዱን በየቀኑ እቀይራለሁ።

የእናት ክንፍ የሚተካም ሠራሁላቸው። አንድ አሮጌ አጎዛ እንደ ጠፍር ሸነሸንኩና ጠጉሩ ወደ ውስጥ ሆኖ ከተደፋ ትልቅ ቅርጫት ዙሪያ አንጠለጠልኩት። ከቅርጫቱ ጎን በአመድ የተዳፈነ ፍም በማሰሮ ይቀመጣል። ጫጩቶቹ ሲበርዳቸው አጎዛውን እየገለጡ ይገባሉ፣ ሲሞቃቸው ይወጣሉ። ተርሞሜትር አላስፈለገኝም። አንድ ላይ ተደራርበው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ክንፋቸውን ዘርግተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል፤ ተበታትነው ዝም ካሉ ደኅና ናቸው። ምግባቸው የገብስ ቂጣ ፍርፋሪና ምስጥ ነበር። ምስጡን ጧት ጧት ከኩይሳ እየቆፈርኩ አመጣለሁ።

ከዘጠኙ በኋላ የሞተብኝ አምስት ብቻ ነው። ከአምስቱ ሁለቱን ጭልፊት ወስዷቸዋል።

ተቆጣጣሪው በመስቀል ማግሥት መጣ። ወፍራም፣ ቦቲ ጫማ ያደረገ፣ ዘለግ ያለ ሰው ነው። ዶሮ ቤት ገብቶ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ሰባ ሁለት ነበሩ፤ ክንፍ አውጥተዋል፣ ወንዶቹ በራሳቸው ላይ ያለው ኩክኒ መቅላት ጀምሯል።

«በክረምት ነው ያስፈለፈልከው?» አለኝ።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«የት ነው የሠለጠንከው?»

አቶ ግርማ ሊመልሱልኝ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ቀደምኩ። «እመት ውዴ ማድቤት» አልኩ።

ሰውዬው ማን እንደሆኑ ሳይገባው ቀረ። አቶ ግርማ ግን ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ ውጭ ወጡ። ሣጥኑ አልሄደም። እኔም አልሄድኩም።

ለገና አድማሱ ከደጄ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ «አያ ምትኩ፣ አንድ አውራ ዶሮ» አለኝ። «የዶሮ ባል» አላለኝም። ከሁሉ የተሻለውን መርጬ ሰጠሁት። ከሱ በፊት ግን ሁለት ነጫጭ ቄብና አንድ አውራ ለእመት ውዴ አድርሻለሁ። «አሁን ደግሞ አጥሬን እየሾለኩ ወደናንተ ይመጣሉ» አሉኝ። መጡም።

ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት ዶሮ አርብቻለሁ። ወደ ቡሬ አዛወሩኝ፤ ከዚያም ገበዝ ማርያምና ግሽ ዓባይ ድረስ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት አገር፣ ባለ አጎዛውን ቅርጫት እያዞርኩ አስተምሬበታለሁ። ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ገብቶ ቤቱን ባዶ ያደረገብኝ ዓመትም አለ፤ አጥቤ፣ ኖራ ቀብቼ እንደገና ጀምሬያለሁ። አባቴም ሊሞት ሰሞን «የምትኩ ዶሮ ብቻ ስጡኝ» ይል ነበር። ይኸ ለኔ ሹመት ነው።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው አንድ ነገር ነው። እንቁላል ስትገዙ ትልቅነቱን አትዩ። መቼ እንደተጣለ ጠይቁ። የምትጠይቁትም ዶሮዋን የምታረባውን ሴት ነው። እንደኔ ሦስት ቀን አታመንቱ፤ በዚያው ቀን ሂዱ።