ቆጥ ላይ የከረመው ሳጥን

ባሕር ዳር በምኖርበት ሰፈር የሰርግ መኪና ሲያልፍ ከዘፈኑ ቀድሞ የሚደርሰኝ ድምድምታው ነው፤ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቃጨላሉ፣ እኔም ሳላስበው ጫማዬን አውልቄ ባዶ እግሬን ወለሉ ላይ አሳርፋለሁ። ባለቤቴ «ደግሞ ጀመረሽ» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እሱ ድምፅ በጆሮ ብቻ የሚገባ የሚመስለው ሰው ነው፤ እኔ ግን በእግርም በአገጭም እንደሚገባ በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ እናትና አባቴ ቤት፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቤታችን ከወረታ ወጥቶ ወደ ቁሐር ሚካኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት መንደሮች በአንዷ፣ ሜዳው መሐል ነበር። ፎገራ ሜዳ ላይ የተወለደ ሰው ስለ ውኃ መካሪ አያስፈልገውም። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ፣ ሜዳውን አልብሶ፣ ሩዙን አጠጥቶ፣ አንዳንዱን ዓመት ደግሞ ሳይጠራ ቤት ድረስ ይገባ ነበር፤ ስለዚህ እማዬ ሰኔ ሲጠባ ጀምራ የቤቱን ዕቃ ሁሉ ከጣሪያው ሥር በእንጨት ወደተረበረበው ቆጥ ታወጣ ነበር። ዘር ሩዙ፣ የአባዬ የብራና መጻሕፍት፣ የእኛ ልብስ፣ ሁሉም እዚያ ይከርማል። «መሬት የተቀመጠ የውኃ ነው» ትል ነበር፤ ይሄ በእኛ ቤት እንደ ሕግ የጸና ቃል ነበር።

አባዬ የደብራችን መሪጌታ ነበሩ። መንደሩ ሁሉ፣ እማዬም ጭምር፣ «የኔታ» ይላቸው ነበር። ዛፍ ሥር ተቀምጠው የዜማ ተማሪ ሲያስቀጽሉ፣ ቃል በቃል ሲያስደግሙ፣ አንዱ ልጅ ድምፁን የጸጉር ታህል ቢያዛንፍ ከወዲያኛው ጫፍ ሰምተው ይመልሱት ነበር። ጆሯቸው መድከም የጀመረው መቼ እንደሆነ እሳቸውም በትክክል የሚያውቁት አይመስለኝም፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ ነው የመጣው። እኔ ያወቅሁት አንድ ተማሪ ዜማውን ፈጽሞ አበላሽቶ ሲደነግጥ፣ አባዬ ራሳቸውን ነቅንቀው «ቀጥል» ያሉት ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያዘኝ የአባዬ ጆሮ ሆንሁ። እንግዳ መጥቶ ሲያናግራቸው ከጎናቸው ቁጭ ብዬ፣ የራሴ ጥያቄ አስመስዬ፣ «አባዬ፣ ስለ በሬው ነው እኮ የጠየቁዎ» እያልሁ ጮክ ብዬ እደግምላቸው ነበር። እሳቸውም አልጠየቁኝ፣ እኔም አልነገርኋቸው። አንድ ቀን ለእማዬ ልነግራት «አባዬ እኮ...» ብዬ ስጀምር እህሉን ማበጠሯን ሳታቆም «ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። እሷም ታውቅ ነበር ማለት ነው።

የዚያን ዓመት የሰኔ ሚካኤል ዝናቡ ገና በቅጡ አልጣለም ነበር። ታቦቱ ወጥቶ፣ ካህናቱ ሁለት ረድፍ ሠርተው ሲያሸበሽቡ፣ እኔ ከሴቶቹ መሐል ሆኜ አባዬን ብቻ አይ ነበር። ከበሮው ቆመ፣ ጽናጽሉም ቆመ፣ ሁሉም መቋሚያቸውን መሬት አደረጉ። አባዬ ግን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ፣ መቋሚያቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ለብቻቸው ቀጠሉ። አንድ ወጣት ዲያቆን ፊቱን በነጠላው ሸፈነ፤ ትከሻው ሲርገፈገፍ ግን ይታይ ነበር። አባዬ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ዙሪያውን አይተው፣ መቋሚያቸውን ቀስ አድርገው አወረዱ። ከዚያ ቀን በኋላ «ጉልበቴን አሞኛል» እያሉ ማሕሌት መቆም ተዉ፤ ተማሪዎቹንም ለሌላ መምህር ሰጧቸው፤ ክረምቱን ሙሉ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ሲያዩ ከረሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዜማ በቀር ሌላ ሥራ የማያውቁ ሰው፣ ያለ እሱ እንዴት እንደሚኖሩ ጠፍቷቸው ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ጌትነት ያን ጊዜ ባሕር ዳር የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበር። እማዬ በስልክ «አባትህ ከቤት አልወጣ አሉ፣ ቤቱ ዝም አለ» ብላው ኖሮ፣ የመስከረም ውኃ ገና ሳይጎድል፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ትልቅ ካርቶን በአናቱ ተሸክሞ መጣ። «ሆም ቴአትር የሚሉት የድምፅ ማጫወቻ ነው፤ ማሕሌት በፍላሽ ሞልቼ አምጥቻለሁ፤ አባዬ ጉልበታቸው እስኪሻል እቤታቸው ይስሙ» አለ። ስለ ጆሯቸው የነገረው የለም፤ የልጅ ደግነቱን ነው ያመጣው።

ካርቶኑ ሲከፈት አዲስ ዕቃ ዕቃ የሚል ሽታ ከሩዙ ሽታ ጋር ተቀላቀለ። ጌትነት ጠፍጣፋውን ዕቃ አንስቶ «ሪሲቨሩ ይኸውና» ሲል እማዬ «ዲሹስ የት አለ?» አለችው፤ በእኛ አገር ሪሲቨር ያለ ዲሽ ታይቶ አይታወቅም ነበርና ሁላችንም ይህንኑ ነበር የምናስበው፤ ይሄኛው ግን ድምፁን ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍል ነበር። አምስት ትናንሽ ስፒከሮች ወጡ። ሁለቱን ከፊት፣ ሁለቱን ከአባዬ መደብ ኋላ፣ አንዱን መሐል ላይ ሰቀለ፤ የሽቦዎቹን ጫፍ በጥርሱ እየላጠ፣ ቀዩን ከቀይ ጥቁሩን ከጥቁር እያገናኘ፣ «ከተምታታ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ድምፁ ይሞታል» እያለ አስረዳኝ። በመጨረሻ ትልቁን ጥቁር ሳጥን አወጣ። «ይሄ ሳብውፈር ይባላል። ከበሮው ከዚህ ነው የሚወጣው። ቦታው መሬት ነው።»

«መሬት?» አለች እማዬ። «ምነው፣ ከተማ ይሄን ያህል አስረሳህ?»

«እማዬ፣ መሬት ሲነካ እኮ ነው የሚሠራ።»

«መሬት ሲነካማ ነው የሚበሰብስ።»

ጌትነት ባሕር ዳር ላይ ስንቱን ባለሱቅ አሳምኖ ይሆናል፣ እናቱን ግን አላሳመነም። እውነቱን ለመናገር እሱም ልቡ አልጨከነም፤ የሜዳው ልጅ ነዋ። ወለሉ ገና ያልብ ነበር። ሳጥኑ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ቆጡ ላይ በሁለት ስልቻ ዘር ሩዝ መሐል ተወሸቀ፤ ቀጭን ሽቦው ብቻ ወደ ታች ተንጠለጠለ።

ከዚያ ሪሲቨሩን ከፈተው። ሰማያዊ መብራት በራ፣ ቁጥሮች ሮጡ፣ ድምፅ ግን አልወጣም፤ ከፍላሹ እንዲያጫውት ገና አላዘዘውም ነበር። ጎንበስ ብሎ ከኋላው ሲጎረጉር፣ አባዬ መብራቱን አይተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ራሳቸውን ወዘወዙ፣ በጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ፣ «አይ ዜማ፤ እንዴት ያለ ድምፅ ነው፤ እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉ።

ቤቱ ውስጥ ከውጭ ከሚገባው የእንቁራሪት ጩኸት በቀር አንድም ድምፅ አልነበረም። የጌትነት እጅ ሽቦው ላይ ቀረ። እማዬን አያት፤ እሷ ስፌዷን አንስታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቆይቶ ትክክለኛውን ሲነካው ማሕሌቱ ቤቱን ሞላው፣ አባዬ ግን እንደነበሩ ነበሩ፤ ሲዘመርም ሳይዘመርም አወዛወዛቸው ያው ነበር። እኔ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ያፈርሁት ግን በእሳቸው አይደለም፣ በሁላችን ነው።

በማግስቱ አስፋልት ድረስ ስሸኘው «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ። ነገርሁት። «ታዲያ ምነው ዝም አላችሁ?» ሲለኝ «ዝም አይነቅዝም ብላኝ ነው እማዬ» አልሁት። መኪናው ላይ እየወጣ «ይነቅዛል» አለኝ።

ጥቅምት ገብቶ ውኃው ሲጎድል፣ ወለሉ ደርቆ እንደገና ሲለቀለቅ፣ እማዬ እንደ ልማዷ ዕቃውን አንድ በአንድ ከቆጥ ታወርድ ጀመር። ሳጥኑ የወረደው መጨረሻ ነው። ሽቦው የሚደርሰው እስከ አባዬ መደብ ጫፍ ብቻ ስለነበረ እዚያው መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ሩዝ ገብቶበት እንደሆነ ልሞክረው ብዬ ማሕሌቱን ከፈትሁት። ቆጥ ላይ ሆኖ ትንፍሽ ያላለው ሳጥን መሬት ሲነካ ሌላ ሆነ፤ ዶሮዋ ደንብራ ወጣች፣ የእማዬ ስፌድ ላይ ያለው ሩዝ ይዘል ጀመር።

አባዬ ከደጅ ገቡ። መቋሚያቸውን ከሰኔ ወዲህ እንደ ተራ ምርኩዝ ብቻ ነበር የሚይዙት። ደከም ብሏቸው ኖሮ እንደ ድሮ ልማዳቸው ቆም ብለው፣ አገጫቸውን ከመቋሚያው ራስ ላይ አሳርፈው ሊደገፉ ሲሉ፣ የታችኛው ጫፍ ሳጥኑ ላይ አረፈ። ቀጥ አሉ። መቋሚያውን አነሱት፣ መልሰው አስቀመጡት፣ ደግሞ አነሱት፣ ደግሞ አስቀመጡት።

«ጥሩዬ» አሉኝ።

«አቤት አባዬ።»

«ይሄ ከበሮ ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው መወዛወዝ ጀመሩ፤ አሁን ግን ልክ ከምቱ ጋር ነበር፣ ሲከብድ ከብደው ሲፈጥን ፈጥነው። ከበሮው ሲያርፍ እሳቸውም አረፉ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ኃጢአት እንደሚናዘዝ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ እኔ እኮ አልሰማም» አሉኝ።

ፊታቸው ድረስ ተጠግቼ «አውቃለሁ አባዬ» አልኋቸው።

«እናትሽስ?»

«ታውቃለች።»

«ጌትነትስ?»

«እሱም።»

መደቡ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እኔ ከእናንተ ስደብቅ፣ እናንተ ከእኔ ስትደብቁ፣ ክረምቱ አለቀ በይኛ» አሉ። እማዬ ስፌዷን አስቀምጣ መጥታ ከጎናቸው ተቀመጠች፤ እጃቸውን ያዘች። እኔ ደጅ ወጥቼ አለቀስሁ፤ ለካ የሰው ጆሮ መሆን ይከብዳል።

የጥቅምት ቀን ሁሉ በዚያ ሳጥን አለፈ። ዜማው ከልጅነታቸው ጀምሮ በልባቸው የነበረ ነው፤ የጠፋባቸው የከበሮው መነሻና ማረፊያ ብቻ ነበር፣ እሱን ደግሞ በመቋሚያው እንጨት በኩል ያገኙት ነበር። እማዬ ሳጥኑን መሬት መተዉን ፈቀደች፤ ከሥሩ አንድ ጣውላ ማስገባቷን ግን አልተወችም፣ ውኃ አይታመንም ብላ።

ኅዳር ላይ ሩዙ ሲታጨድ፣ ሜዳው ሁሉ ገለባ ገለባ ሲሸት፣ ለሚካኤል ሳምንት ሲቀረው አባዬ እኔን አስከትለው ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱ ዘንድ ሄዱ። «አባቶች፣ ጆሮዬ አልሰማ ብሎኛል። ከበሮውን ከእግሬ ሥር አስቀምጡልኝ፤ የቀረውን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ። ካህናቱ እርስ በእርስ ተያዩ። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት ቄስ «ምነው የኔታ፣ ለዚህ ነው? እኛ እኮ ያስቀየምንዎ መስሎን ስናዝን ከረምን» አሏቸው። እኔ ጮክ ብዬ ደገምሁላቸው፤ አሁን የራሴ ጥያቄ ማስመሰል አላስፈለገኝም።

በኅዳር ሚካኤል፣ ነግቶ ፀሐይ በቅኔ ማሕሌቱ በር ስትገባ፣ ከበሮውን ተሸክሞ አባዬ እግር ሥር የጣውላ ወለሉ ላይ ያስቀመጠው ያ ሰኔ ላይ የሳቀው ዲያቆን ነበር። አባዬ መቋሚያቸውን ከከበሮው አጠገብ ተክለው፣ አገጫቸውን አሳርፈው ጀመሩ። እኔ በሴቶቹ በር ሆኜ ዜማውን አልሰማሁትም ብል ይሻለኛል፤ የምጠብቀው ማረፊያውን ብቻ ነበር። ከበሮው አረፈ። የአባዬ መቋሚያ ከማንም ቀድሞ አረፈ።

አባዬ ከዚያ በኋላ ብዙ የሚካኤል በዓል ቆመው ነው ያረፉት። ሳጥኑ ዛሬም እናቴ ቤት አለ፤ ሰኔ ላይ ቆጥ ይወጣል፣ ጥቅምት ላይ እዚያው ጣውላው ላይ ይወርዳል፣ ሪሲቨሩ ከተቃጠለ ግን ዓመታት አልፈዋል። የእኔ ልጆች ማዳመጫ በየጆሯቸው ወትፈው ለየብቻቸው ይሰማሉ፤ ቤታችን ዝም ያለ ነው። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግራ ጆሮዬ እያሳሳቀ መሄድ ጀምሯል። አባዬ «አልሰማም» የሚለውን ቃል ለማውጣት አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶባቸዋል፤ እኔ ግን መስማት መጀመሪያ የተሳነኝ ዕለት ክፍል ውስጥ ቆሜ «ልጆች፣ አልሰማሁም፤ ድገሙልኝ» አልኋቸው። ደገሙልኝ።