የእሷን ፓኬጅ ስመረምር

አሰላ ባለው ቢሯችን ውስጥ ጠረጴዛችን አንድ ነው። እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ በበሩ በኩል፤ ለእሷ የቺላሎ ተራራ ይታያታል፣ ለእኔ ብርዱ ይገባል። ከሁሩታ መጥታ ስትቀጠር ድምጿ የማይሰማ፣ ሊኑክስ የሚባል ነገር በጆሮዋም ያልደረሰ ልጅ ነበረች። ኮምፒውተሯ በቫይረስ ሲንቀረፈፍ ዊንዶውሱን አጥፍቼ በምትኩ ነፃውን ሊኑክስ የጫንኩላት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹን ትእዛዞችም አጠገቧ ቆሜ ያስጻፍኳት እኔው ነኝ። ባጎረስኩ ተነከስኩ የሚባለው ለካ እንደኔ ላለው ነው።

ሥራችን የአርሲ ወረዳዎችን የዝናብ መረጃ ማሰባሰብና ማጥራት ነው። ለዚህ የምንጠቀምበት በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ነፃ ፕሮግራም አለ። የጻፉት የውጭ አገር ሳይንቲስቶች ስለሆኑ ፕሮግራሙ የእኛን ቀንና ሰዓት አያውቅም ነበር። እሷ ቁጭ ብላ የእኛን አቆጣጠር የሚያነብ ክፍል ጻፈችለት፤ ባለቤቶቹም ደስ ብሏቸው ተቀበሏት። ይሄ አልበቃ ብሏት ፕሮግራሙን እኛ የምንሠራበት ሊኑክስ ውስጥ ለማስገባት፣ ማንም ሰው በአንድ ትእዛዝ እንዲጭነው አድርጋ በፓኬጅ መልክ ልታዘጋጀው ተነሳች። አንጀቴ ያረረው እዚህ ላይ ነው። እኔ ከእሷ በፊት የሌላ ፕሮግራም ፓኬጅ አዘጋጅቼ አቅርቤ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው አጥቼ ተቀምጬ ነበርና።

ሊኑክሱን የሚያዘጋጁት በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አዲስ ሰው ፓኬጁን ያቀርባል፤ ሌሎች ሰው ሁሉ በሚያየው የኢንተርኔት ገጽ ላይ ይመረምሩለታል። የአጠቃቀም ፈቃዱ በትክክል ተጽፏል ወይ? ምንም ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ይሠራል ወይ? ሙከራዎቹን ያልፋል ወይ? ይህን ሁሉ አልፎም አባል ለመሆን ከነባሮቹ አንዱ ዋስ ሊሆነው ይገባል። ዋሱ የሚፈርደው ደግሞ አዲሱ ሰው የሌሎችን ፓኬጅ እንዴት እንደሚመረምር አይቶ ነው። የእኔንና የእሷን ፓኬጅ የሚከታተሉት ከነባሮቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ ሰውዬ ነበሩ፤ የምናውቃቸው በጽሑፋቸው ብቻ ነው። ጊዜ ስለሌላቸው በዚህ ዙር ለአንድ ሰው ብቻ ዋስ እንደሚሆኑ አስታወቁ። ወይ እሷ፣ ወይ እኔ።

የእሷ ገጽ በሙገሳ ተጥለቀለቀ። የእኔ ላይ አንድ ሰው ብቻ መጥቶ ጥያቄ ጠየቀ፤ ስመልስለት ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ቢሮ ስንገባ ገና ጃኬቷን ሳታወልቅ ስልኳን ወደ እኔ ትዘረጋለች።

«እየው አቦ! ንጹሕ ሥራ ነው አሉኝ። ወላሂ፣ አንተ ባታስተምረኝ ይሄን አላገኘውም ነበር።»

«ጎበዝ» እላታለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ። ከሙገሳው ይልቅ ያቃጠለኝ ምስጋናው ነበር። ብትኮራብኝ ኖሮ ቢያንስ በደንብ እጠላት ነበር።

አለቃችን ደግሞ ባሰባቸው። በስብሰባ ላይ «ከእኛ ቢሮ ዓለም የሚጠቀምበት ነገር እየወጣ ነው» ብለው አስጨበጨቡላት። እኔም አጨበጨብኩ። ከሁሉም ጮክ ብሎ የተሰማው የእኔ ጭብጨባ ሳይሆን አይቀርም።

የዚያን ዕለት የእሷን ፓኬጅ ልመርምር ብዬ ተነሳሁ። ለዋስነቱ የሌላ ሰው ሥራ መመርመር ይጠበቅብኝ ነበር፤ የማን እንደሚሆን ግን የመረጠልኝ ቅናት ነው። ጤፍ እንደሚለቅም ሰው ጎንበስ ብዬ እያንዳንዷን መስመር አበጠርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት የፓኬጁ አጭር መግለጫ መጨረሻ ላይ ነጥብ መኖሩን ነው፤ በደንቡ አይፈቀድም። ጻፍኩባት። ሻዬን ጠጥቼ ሳልጨርስ አስተካክላ «አመሰግናለሁ፣ ዓይንህ አይጥፋ» ብላ መለሰችልኝ። መብራት ሄዶ ሥራው ተቋረጠ፤ ሲመጣ እንደገና ጀመርኩ።

ሙከራዎቹ ሁሉ አለፉ። ተስፋ ቆርጬ ልዘጋው ስል ለሙከራ ያስገባችው የዝናብ ናሙና የጢቾ መሆኑን አየሁ፤ ጢቾ የእናቴ አገር ነው። ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ ከባድ ዝናብ ከበረዶ ጋር። ያን ዝናብ አውቀዋለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጢቾ ገብቼ እናቴ ቤት ሳድር ቆርቆሮውን በበረዶ ደብድቦ የቀሰቀሰኝ እሱ ነው። ሲነጋ የእናቴ ገብስ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር። የእሷ ፕሮግራም ግን ዝናቡን በፈረንጅ ሰዓት ማክሰኞ ሌሊት አንድ ሰዓት ላይ አስቀምጦታል። በዚያ አቆጣጠር ማክሰኞ ገና መጀመሩ ነው፤ እኔ ከአሰላ ሳልነሳ ማለት ነው።

ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ የማክሰኞ ሌሊት እስኪነጋ የማክሰኞ ነው። ለፈረንጅ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ ረቡዕ ገብቷል። እሷ ሰዓቱን ስትቀይር ቀኑን ወደ ረቡዕ ማሻገር ረስታለች። ሙከራው የሚጠብቀውን መልስ የጻፈችውም ራሷ ናት፤ ስለዚህ ስሕተቱና መልሱ ተስማምተው ያልፋሉ። ያ ሁሉ ያሞገሳት ፈረንጅ ይሄን ከየት ሊያውቀው ይችላል?

ብቻዬን ሳቅኩ። እሷ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣለች፤ እጄን ብዘረጋ ትከሻዋን እነካለሁ። በአፌ ልነግራት ስችል ሰው ሁሉ በሚያየው ገጽ ላይ ከነማስረጃው ጻፍኩት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የዘነበው ሁሉ በአንድ ቀን ወደ ኋላ እንደሚቆጠር፣ በዚህ ላይ የሚሠራ ጥናት ሁሉ እንደሚሳሳት አንድም ሳላስቀር ዘረዘርኩ።

በማግስቱ የጡረተኛው ሰውዬ መልስ መጣ። የእሷ ፓኬጅ እስኪታረም ይቆይ፤ የዚህ ዙር በር ሊዘጋ ስለሆነ አይደርስም፣ ለሚቀጥለው ይሁን ብለዋል። ከሥሩ ለእኔ ጽፈዋል። «እንዲህ የሚያነብ ሰው ነው የምንፈልገው፣ ዋስህ እሆናለሁ።»

እሷም አነበበችው። ፊቷን ወደ ቺላሎ አዞረች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እኔም ይሄን ጊዜ ስጠብቀው ነበር። ከዚያ ተነስታ ጠረጴዛውን ዞራ ወደ እኔ መጣች።

«አንተ! የሌሊቱን ነገር እንዴት እረሳዋለሁ? በዚህ ቁጥር ገበሬ ቢመከርበት ኖሮስ? አላህ ነው ያተረፈኝ።» እንባዋን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። «በገ ገመዴ፣ እንኳን ደስ አለህ! አንተ እኮ አባል ሆንክ! ከእኔ በፊት ያቀረብክ አንተ ነህ፤ ተራው ያንተ ነበር።»

ወጥታ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ፓስቲ ገዝታ መጣች። ለቢሮው ሁሉ አደለች፤ ለእኔ ትልቁን መረጠችልኝ። አለቃችን ምን ተገኘ ብለው ሲጠይቋት የራሷን ጉድ ትታ የእኔን ነገረቻቸው።

ፓስቲውን እያኘክሁ ፊቷን አጠናሁ። ቅናት ፊት ላይ ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዓይኗም፣ ከከንፈሯም፣ ከሳቋም ሥር ፈለግኩ፤ የለም። ደስ ብሏታል። በሙገሳዋ ቀንቼባታለሁ፣ በጭብጨባዋም ቀንቼባታለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ቀንቼባት አላውቅም።